የእድሩ ኮምፒዩተር፤ ስለ አሠራሩና ስለ ጥገናው አጭር ትምህርት



«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ለእኔ እንደ ተነገረ አድርጌ የምቈጥረው ባለፈው ክረምት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ለማስነሣት ስታገል ከደረሰብኝ ነገር የተነሣ ነው። ነገሩን እንደ ሆነው ብነግራችሁ ትምህርቱም አብሮ ይመጣልና፤ በተሰጠኝ ጥቂት ገጽ የኮምፒዩተር ክፍሎች ምን ምን እንደ ሆኑ፤ ሲበላሽ ከየት ተጀምሮ እንደሚመረመር፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ምን እንደ ሆነ፤ ፊደላችንም ወደዚህ መሣሪያ እንዴት እንደ ገባ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በነቀምቴ እኛ በምንኖርበት ሠፈር ያለው እድር የአባሎቹን ስምና የየወሩን መዋጮ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በትልቅ ደብተር ይጽፍ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ጽሕፈቱ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ፤ ደብተሩም ተዘግቶ ተቀመጠ። ባለፈው ሰኔ ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። በዚያው ሰሞን ከሠፈራችን አንድ የቤተሰብ አባት ዐረፉ። ቀብሩ በወጉ ተፈጸመ፤ ድንኳኑም ተተከለ። ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ ላይ ሲደረስ ግን ኮሚቴው ተቸገረ። መዋጮው ሳይቋረጥ መከፈሉ በመዝገብ ካልታየ ሙሉውን ገንዘብ ለመስጠት ደንቡ አይፈቅድምና። ባልቴቲቱ ይዘዋቸው የመጡት ደረሰኞች ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ርሰው ግማሾቹ አይነበቡም ነበር። መዝገቡ ያለው በዚያ በማይነሣው ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ እኔ የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ አባል መሆኔን ያውቃሉና አስጠርተው፤ «ልጄ፤ መዝገቡን አውጥተህ ከሰጠኸኝ ሣጥኑን ለክበባችሁ ውሰዱት። ካልሆነ ለቁራሌ ከመስጠት በቀር ሌላ መላ የለኝም» አሉኝ። እኔም «እሺ ኦቦ፤ እንሞክራለን» ብዬ ሣጥኑን በባጃጅ ጭኜ ወደ ትምህርት ቤት ወሰድሁ።

1ኛ. ዋና ዋና ክፍሎቹ

የኮምፒዩተርን ሣጥን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቶ የሚመለከት ሰው የሽቦው ብዛት ያስደነግጠዋል። ነገር ግን ረጋ ብሎ ቢያይ ዋናዎቹ ክፍሎች ጥቂት ናቸው፤ ሥራቸውንም በክፍላችን ውስጥ ባሉት ነገሮች መስሎ መረዳት ይቻላል።

ፕሮሰሰር የሚባለው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሒሳብ የሚሠራው ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ እጅግ ፈጣን ነው፤ 2 ጊጋኸርዝ የሚል ከተጻፈበት የውስጡ ምት በአንድ ሰከንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ራም ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ነው። ተማሪው የያዘውን ሥራ ሁሉ በዚያ ላይ ይጽፋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሰሌዳው ወዲያው ይጠረጋል። ሃርድ ዲስክ ደብተሩ ነው። ለመጻፍና ለመግለጥ ከሰሌዳው ይዘገያል፤ መብራት ቢጠፋ ግን የተጻፈበት አይጠፋም። እንግዲህ «ሴቭ አድርግ» ማለት ከሰሌዳ ወደ ደብተር ገልብጥ ማለት ነው። ሥራውን ሳያስቀምጥ መብራት የጠፋበት ሰው ያለቀሰበት ምክንያት ይኸው ነው።

ማዘርቦርድ የሚባለው ሰፊ ሰሌዳ እነዚህን ሁሉ ያገናኛል። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ለክፍሎቹ ወደሚስማማው ወደ 12፤ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ይለውጠዋል። የእድሩ ኮምፒዩተር ኢንቴል ኮር 2 ዱዎ የሚባል ፕሮሰሰር፤ 2 ጊጋባይት ራምና 160 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበረው። ይህ የፕሮሰሰር ዐይነት ለገበያ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነውና፤ ሣጥኑ በዕድሜ ከብዙዎቻችን የሚተናነስ አልነበረም።

2ኛ. አልነሣ ያለ ኮምፒዩተር ሲመረመር

ከሁሉ አስቀድሞ የማሳስበው ስለ ደኅንነት ነው። ሣጥኑን ከመክፈት በፊት ገመዱ ከግድግዳው ይነቀል። ከዚያም የማስነሻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ይጫን፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን ተማሪ ከቶ አይክፈተው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰውን ለመጉዳት የሚበቃ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ደግሞም ሰውነታችን የያዘው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ያቃጥላልና፤ ከመንካታችን በፊት የሣጥኑን ብረት መንካት ይገባል።

የእድሩን ሣጥን ስንከፍተው ያየነው ሽቦ ሳይሆን አፈር ነበር። የነቀምቴ ቀይ አፈር በበጋ ምን ያህል እንደሚቦን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማቀዝቀዣው ማራገቢያ አየር ሲስብ አቧራውንም አብሮ ይስባል፤ አቧራውም በብረቱ ክንፎች መካከል ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ሲግልም ራሱን ለማዳን ይዘገያል፤ ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። እኛም ንጹሕና ደረቅ በሆነ የቀለም ብሩሽ ቀስ ብለን ጠረግነው። በአፍ እፍ ማለት ግን ምራቅ ስለሚረጭ መልካም አይደለም።

ከጠረግን በኋላ ስናስነሣው ማራገቢያው ዞረ፤ አረንጓዴው መብራት በራ፤ መስኮቱ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ሣጥኑም እያቋረጠ ቢፕ ቢፕ ይል ጀመር። ይህ ድምፅ የኮምፒዩተሩ ቋንቋ ነው። የድምፁ ቍጥርና ርዝመት እንደ ሠሪው ፋብሪካ ይለያያል፤ የተደጋገመ ጩኸት ግን ብዙውን ጊዜ «ሰሌዳዬን አጣሁ» ማለቱ ነው፤ ይኸውም ራሙ በትክክል አልተነካካም። ራሙን አውጥተን የወርቅ መልክ ያላቸውን ጥርሶቹን በተራ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለን ፈተግናቸው፤ ፍርፋሪውን ጠርገን ቀጭ እስኪል ድረስ መልሰን ገፋነው። መስኮቱ በራ! ብዙ ሰዎች «ሞተ» ብለው የሚጥሉት ኮምፒዩተር አንዳንድ ጊዜ በአንድ ላጲስ የሚድን መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

መስኮቱ ሲበራ ግን ሰዓቱና ዓመተ ምሕረቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የነበረውን ያሳይ ነበር። ይህም የሆነው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ስላለቀች ነው። ባትሪዋ ሲ አር 2032 ትባላለች፤ ኃይሏም 3 ቮልት ነው። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የምታስኬድ እርሷ ናት። ዓመተ ምሕረቱ የተሳሳተ ከሆነ ብዙ የኢንተርኔት ገጾች አይከፈቱም፤ የመታወቂያ ወረቀታቸው የሚታየው በቀን ነውና። ከሰዓት ሠሪ ገዝተን ተካናት።

መብራትንም በሚመለከት አንድ ቃል ልጨምር። የፊንጫ ግድብ በ1973 እ.ኤ.አ. ተመርቆ ከወለጋ ምድር ለአገር መብራት መስጠት ከጀመረ ቆይቷል። ይሁን እንጂ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ለቅጽበት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለኮምፒዩተርም ጠላቱ ይህ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ገመዱን መንቀልና መብራቱ ተመልሶ ጥቂት እስኪረጋ መጠበቅ ገንዘብ የማያስወጣ ትልቅ ጥገና ነው።

3ኛ. ኮምፒዩተር እንዴት ይቈጥራል

ወደ ታሪኩ ከመመለሴ በፊት ጓደኞቼ ዘወትር የሚጠይቁኝን ልመልስ። ይህ ማሽን የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ አለ ወይም የለም፤ 1 ወይም 0። በሁለት ምልክት ብቻ ሒሳብ ሁሉ እንዴት ይሠራል ለሚል፤ መልሱን ከቡና ገበያችን አመጣለሁ።

የወለጋ ቡና «ለቀምት» በሚባል ስም በውጭ ገበያ የታወቀ ነው። አንድ ፈረሱላ ቡና 17 ኪሎ ነው። አንድ ነጋዴ 13 ፈረሱላ ቢገዛ ስንት ኪሎ ይሆናል? የማባዣ ሠንጠረዥ የማያውቅ ሰው፤ ማጋመስና ማጠፍ ብቻ ካወቀ እንዲህ አድርጎ ያገኘዋል። በግራ በኩል 13ን እያጋመሰ ትራፊውን ይጥላል፤ በቀኝ በኩል 17ን እያጠፈ ይጽፋል።

13 — 17
6 — 34
3 — 68
1 — 136

በግራ በኩል ሙሉ ቍጥር፤ ማለት ለሁለት ያለ ትራፊ የሚካፈል ያለበትን መስመር ይሰርዛል። እዚህ ላይ 6 ሙሉ ነውና 34 ይሰረዛል። የቀሩትን ሲደምር 17 + 68 + 136 = 221 ኪሎ። በተለመደው መንገድ አባዝታችሁ ብታመሳክሩት ያው ነው።

ይህ ዘዴ በውጭ አገር የኮምፒዩተር ተማሪዎች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዛት» በሚል ስም የታወቀ ነው፤ በጥንት ግብፃውያንና በሩሲያ ገበሬዎች ስምም ይጠራል። አሁን ጐዶሎ ቍጥር ላለበት መስመር 1፤ ሙሉ ላለበት 0 ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ጻፉ፤ 1101 ይወጣል። ይህም 13 በኮምፒዩተር ቋንቋ ሲጻፍ ነው፤ 8 + 4 + 0 + 1 መሆኑን ልብ በሉ። ፕሮሰሰሩም ሲያባዛ መሠረቱ ይኸው ማጠፍና መደመር ነው። እንደነዚህ ያሉ ስምንት ምልክቶች አንድ ላይ ሲሆኑ አንድ ባይት ይባላሉ፤ በአንድ ባይትም 256 ልዩ ልዩ ነገሮችን መለየት ይቻላል። ይህን 256 የሚለውን ቍጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

4ኛ. ኦፐሬቲንግ ሲስተምና የእኔ ስሕተት

ክፍሎቹ ሁሉ ደኅና ቢሆኑም የሚያስተዳድራቸው ከሌለ ሥራ የለም። ፕሮግራሞች ተራ እንዲይዙ፤ ሰሌዳውን እንዲካፈሉ፤ በደብተሩም ላይ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይጽፍ የሚቈጣጠረው አለቃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በአገራችን በብዛት የምናየው ዊንዶውስ ነው። ይህም በየጊዜው ይታደሳል፤ አሮጌውም በጊዜው ይጣላል። ዊንዶውስ 7 በጥር 2020 እ.ኤ.አ.፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፋቸው አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከ4 ጊጋባይት ያላነሰ ራምና ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ እድሩ ሣጥን ያሉት ወደ ዐዲሱ ቤት አይገቡም።

ነገር ግን ሌላ መንገድ አለ። በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ21 ዓመቱ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ልብ የሆነውን ክፍል ለራሱ መማሪያ መጻፍ ጀመረ፤ የጻፈውንም ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ለዓለም ገለጠው። ይህ ሊኑክስ ይባላል። እንደ ደቦ ሥራ ነው፤ ከየአገሩ ሺህዎች ተሰብስበው አርሰውታል፤ ምርቱም ለሁሉ ነው። ኡቡንቱ፤ ደቢያን፤ ሉቡንቱ የሚባሉት የዚሁ ልጆች ናቸው። ሉቡንቱ ቀላል ስለ ሆነ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ይስማማል።

የእድሩ ኮምፒዩተር መስኮቱ ቢበራም ዊንዶውሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆም ነበር። እኔም ሉቡንቱን በፍላሽ ይዤ ስለ ነበር ደስታዬ ወሰን አጣ። ፍላሹን ሰክቼ አስነሣሁት፤ ጠያቂው ፕሮግራም «ዲስኩን ደምስሼ ልተከል?» ሲለኝ ሳላነብ ተስማማሁ። የመጨረሻውን ቁልፍ ልጫን እጄን ስዘረጋ የአይቲ መምህራችን እጄን ያዙኝ።

«የሰው አደራ ሳታወጣ ቤቱን ታፈርሳለህ?» አሉኝ።

ደንግጬ ቀረሁ። ያን ቁልፍ ብጫን ኖሮ የብዙ ዓመት መዝገብ፤ የባልቴቲቱም ምስክር፤ በገዛ እጄ በጠፋ ነበር። ኮምፒዩተሩን ማስነሣት ያማረኝ ስለ ራሴ ስም እንጂ ስለ መዝገቡ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

እንግዲህ ትክክለኛው ሥርዓት ይህ ነው። ሉቡንቱና ኡቡንቱ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሹ ላይ ብቻ ተነሥተው መሥራት ይችላሉ። ይህን «ሞክር» የሚለውን መንገድ መርጠን ገባን፤ የድሮውን ዲስክ ከፍተን የጸሐፊውን ዶሴዎች ሁሉ በሁለት ልዩ ልዩ ፍላሾች ገለበጥን።

ጸሐፊው አንድ ፍላሽ ሰጥተውን ነበር፤ «ቅጂ አድርጌበት ነበር፤ ግን ባዶ ሆነብኝ» ብለው። በዊንዶውስ ሲከፈት ከአንድ አቋራጭ ምልክት በቀር ምንም አይታይበትም። ይህ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የሚዞር የታወቀ ቫይረስ ሥራ ነው። ዶሴዎቹን አያጠፋም፤ ደብቆ በቦታቸው የሐሰት በር ያቆማል፤ በሩን የነካ ሰው ቫይረሱን ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባል። በሊኑክስ ስንከፍተው የተደበቀው ሁሉ ታየ፤ እስከ 2013 ዓ.ም. ያለው መዝገብ በዚያ ነበር። የቀረው ደግሞ ከሃርድ ዲስኩ ተገኘ። ስለዚህ ፍላሽ ባዶ መሰለኝ ብሎ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ንብረቱን በገዛ እጁ ያቃጥላል።

5ኛ. ፊደላችንና ኮምፒዩተር

መዝገቡ ተገኘ ብለን ደስ ብሎን ስንከፍተው ሌላ መከራ መጣ። የገንዘቡ ቍጥር ይነበባል። ጸሐፊው በኦሮምኛ በቁቤ የጻፉት ማስታወሻም ይነበባል። በአማርኛ ፊደል የተጻፉት ስሞች ግን የላቲን ፊደልና የልዩ ልዩ ምልክት ቅልቅል ሆነው ታዩ። አንዱ መስመር ሳይቋረጥ የከፈለ ነው፤ ሌላው ሰባት ወር የጐደለበት ነው፤ የማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም። የባልቴቲቱ ጉዳይ በዚያ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኦሮምኛን በመጽሐፍ በማስፋፋት ስሙ የሚነሣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ተርጕሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በዚሁ በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ያረፈውም በ1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት ደከሙ። የመኪናው ቁልፍ ጥቂት፤ ፊደላችን ብዙ መሆኑ ትልቅ ችግር ነበር። በኮምፒዩተርም ያው ችግር ተመለሰ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞች ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። ባይቱ የሚይዘው ደግሞ 256 ብቻ ነው፤ የእርሱም እኩሌታ፤ 128ቱ፤ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተይዟል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚኖሩ እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ከደከሙት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው። በዚያ ዘመን የነበረው መላ የላቲንን ፊደል ቦታ መዋስ ነበር። ኮምፒዩተሩ «ኤ» ብሎ ያስቀመጠውን ቍጥር የፊደል ሥዕሉን የያዘው ፎንት «ሀ» አድርጎ ያሳየዋል። ፎንቱ ባለበት ማሽን ጽሑፉ ያምራል፤ በሌለበት ግን የተዋሰው ልብስ ይወልቅና የላቲኑ ገላ ይታያል። ፕሮግራም ሠሪዎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አቀማመጥ ስለ ያዙ የአንዱን ጽሑፍ ሌላው አያነብም ነበር።

ይህ ሁሉ መፍትሔ ያገኘው ዩኒኮድ በሚባለው ስምምነት ነው። በዩኒኮድ የዓለም ፊደል ሁሉ የማይለወጥ የየራሱ ቍጥር አለው። የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም 345 ምልክቶች ሆኖ ገባ። «ሀ» 4608 ናት፤ «ሁ» 4609፤ «ለ» 4616። ለኦሮምኛ ድምፅ የተሠራችው «ዸ» እንኳ 4856 የሚል የራሷ ቍጥር አላት። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ዲስኩ ግን ሰፊ ነውና አይጨነቅም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የሚባለውን ፎንትና የአማርኛ ገበታ ይዞ መጣ፤ ዛሬም በእጅ ስልካችን ሁሉ ሠፍሯል። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ስለሚጻፍ በቅድሚያ በገበታው ላይ ካለው የላቲን ፊደል ጋር ይገናኛል። ለእኛ ለወለጋ ልጆች ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ በዩኒኮድም ሁለቱ በአንድ ገጽ ያለ ጠብ ይቀመጣሉ።

የእድሩ ጸሐፊ ግን ስሞቹን የጻፉት በድሮው ልማድ፤ በተዋሰ ቦታ ነበር። መምህራችን «ልብሱ ከሌለ ልብሱን ፈልጉ» አሉን። ፎንቱ በዚያው አሮጌ ዲስክ ላይ በዊንዶውሱ የፎንት ማኅደር ውስጥ መኖር አለበት። ፈልገን አገኘነው፤ ወደ ሊኑክሱ ገለበጥነው፤ መዝገቡን ዘግተን እንደ ገና ከፈትነው። ስሞቹ እንደ ንጋት ብቅ ብቅ አሉ። ጸሐፊው ራሳቸው መጥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ከ2009 እስከ 2017 ዓ.ም. ግንቦት ድረስ ሟቹ አንድ ወር ብቻ አዘግይተው ነበር፤ በእርሱም ትይዩ «በኋላ ከፍሏል» የሚል ማስታወሻ በቁቤ ተጽፏል። ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

6ኛ. ስለ ጨዋታ

ወላጆቻችን ኮምፒዩተር ሲባል ጨዋታ ብቻ ይመስላቸዋል፤ የፕሌይስቴሽን ቤቶችን በር ሲያዩ ይቈጣሉ። ቍጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔም የደብተር መግዣዬን ለኳስ ጨዋታ የሰጠሁበት ቀን አለ። ነገር ግን ጨዋታ ራሱ አስተማሪ ሊሆን ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የሚባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ባልነበረባቸው በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ሣጥን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች እንደ ተናገሩት፤ ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው መጠቀምን ተማሩ፤ በወራትም ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። መነካካት የትምህርት መጀመሪያ መሆኑን ይህ ያሳያል።

በክበባችን ገበጣን በፓይተን ቋንቋ ጽፈናል። 12 ጕድጓድ ማለት ለኮምፒዩተሩ 12 ቍጥሮች በተራ ማለት ነው፤ በየጕድጓዱ 4 ጠጠር ማለት በየቦታው 4 መጻፍ ነው። ጠጠር መዝራት ማለት አንዱን ባዶ አድርጎ በሚከተሉት ላይ አንድ አንድ መጨመር፤ ከ12ኛው በኋላም ወደ 1ኛው መመለስ ነው። ይህን ለማሽን ማስረዳት እስክንሞክር ድረስ ጨዋታውን በሚገባ የምናውቀው መስሎን ነበር። ታናሽ እኅቴ ግን ኮምፒዩተሩን በመጀመሪያው ቀን አሸነፈችው።

7ኛ. ለምን አሁን?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ ማውሱን መያዝ ባለመልመዱ ብቻ ቢደናገር የሚያሳዝን ነው። የእድሩ ኮምፒዩተር ዛሬ በክበባችን ክፍል ሉቡንቱ ተተክሎበት ተቀምጧል። ከትምህርት በኋላ ተራ ይዘን ሰዓት እያየን በጣታችንም፤ በማውሱም እንለማመዳለን። ከጊምቢም፤ ከነጆም፤ ከደምቢ ዶሎም ይህን መጽሔት የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፤ በየመጋዘኑ «ሞተ» ተብሎ የተጣለ ሣጥን ቢኖር ከቁራሌው በፊት ላጲስ ይዛችሁ ድረሱለት።

ለማስታወሻ እንዲሆናችሁ የተማርሁትን ባጭሩ ላስቀምጥ፤

1. ከመክፈት በፊት ገመድ ይነቀል፤ ፓወር ሰፕላይ አይከፈት።
2. ከቀላሉ ይጀመር፤ አቧራ፤ ራም፤ ባትሪ፤ ከዚያ በኋላ ሌላው።
3. ምንም ነገር ከመትከል ወይም ፎርማት ከማድረግ በፊት የባለቤቱ ጽሑፍ በሁለት ቦታ ይገልበጥ።
4. በአማርኛ የሚጻፍ ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ነገ ሌላ ሰው በሌላ ማሽን ያነበዋልና።
5. ጠቃሚ ፕሮግራሞች በፍላሽ ይቀመጡ። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ለሦስት ወር ያህል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ሥራ ያልፈታው በእጁ የያዘ ሰው ነው።
6. የወረቀት ደብተር አይናቅ።

ስድስተኛውን የጨመሩልኝ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። መዝገቡን ወደ ዩኒኮድ መልሰን በወረቀት አትመን ስናስረክባቸው፤ ከመሳቢያቸው ያን በ2008 ዓ.ም. የተዘጋውን ትልቅ ደብተር አውጥተው በቀጣዩ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመሩ። «ኮምፒዩተሩም ይጻፍ፤ እኔም እጽፋለሁ» አሉ። ባልቴቲቱ ገንዘባቸውን ሙሉውን ተቀብለዋል። ክበባችንን ሊያመሰግኑ አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ይዘው ትምህርት ቤታችን መጥተው ነበር፤ እኔ ግን ያን ቁልፍ ልጫን የዘረጋሁትን እጄን አስቤ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርሁ።